ሉፐስና ኑሮ በወሎ፦ ሕክምናው የሚቋረጥበትን ቦታ አስቀድሞ መድፈን

ዛሬ ማታ የመድኃኒቱን ዕቃ አውጥተው ክኒኖቹን ይቁጠሩ። የቀረውን በቀን ለሚወሰደው ያካፍሉና የሚያልቅበትን ቀን በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፉ። ከዚያ 14 ቀን ወደ ኋላ ይመለሱ። ሪፈር የሚጠየቀው፣ የመኪና ገንዘብ የሚፈለገው፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው የሚለመነው በዚያ ቀን ነው። ዕቃው ባዶ ከሆነ በኋላ የተጀመረ ሩጫ ሁልጊዜም ይዘገያል።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የሚይዛቸውም ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው፣ ትዳር በሚመሠረትበትና ልጅ በሚወለድበት ዕድሜ ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ሳንባን፣ አንጎልን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ይህ መመሪያ ግን ስለ በሽታው ባሕርይ ብዙ አይልም። የሚያተኩረው በሐኪሙ ክፍልና በታማሚዋ ቤት መካከል ባለው ላይ ነው፦ መንገዱ፣ ገንዘቡ፣ ፀሐዩ፣ ጾሙ፣ ትዳሩ፣ የጎረቤት ወሬው።

እነዚህ ነገሮች የጎን ጉዳይ አይደሉም። በአሜሪካ ሉሚና የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት የተለያየ ዘር ያላቸውን የሉፐስ ታማሚዎች ሲከታተል ድህነት ራሱ ሞትን ከሚያስቀድሙት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሌላ ክትትል ደግሞ ከድህነት የወጡ ታማሚዎች በአካላቸው ላይ የሚጠራቀመው ጉዳት ድሃ ሆነው ከማያውቁት ጋር ተቀራራቢ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ሁለተኛው ግኝት ትልቅ ተስፋ አለው፤ ኑሮ ሲቃና አካልም የሚተርፍ መሆኑን ያሳያልና። ድህነትን በአንድ ወረቀት ማስወገድ አይቻልም። ድህነት ሕክምናውን የሚበጥስበትን ቦታ ግን አንድ በአንድ ማወቅና መድፈን ይቻላል።

ስም ከማግኘቱ በፊት

ፊት ላይ ሽፍታ ሲወጣ “ምች መታት” ይባልና ዳማ ከሴ ይታሻል። ጉንጯ ሲጠቁር “ማድያት ነው” ይባላል። ጣቷ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ሲል “ቁርጥማት”፣ ፀጉሯ ሲረግፍ “ዓይነ ጥላ”። ጥፋቱ የስሞቹ መሳሳት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት የየራሱን ስም ስላገኘ አንድ ላይ አድርጎ የሚያያቸው ሰው ይጠፋል። በዚህ መካከል ወራት ያልፋሉ፤ ኩላሊትም የሚጎዳው በነዚህ ወራት ነው።

ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድ በፊት ባለፉት 6 ወራት የታየውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፉ፦ ፀሐይ ሲነካ የሚብስ ሽፍታ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የመገጣጠሚያ መተሳሰር፣ የማያም የአፍ ውስጥ ቁስል፣ የፀጉር መርገፍ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ የእግር ወይም የዓይን ሽፋን እብጠት፣ ያስወረዳት ከሆነ በስንተኛው ወር። ከነዚህ ሦስትና ከዚያ በላይ በአንዲት ወጣት ሴት ላይ ከተገኙ “ሉፐስ ሊሆን ይችላል ወይ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ሽፍታው መጽሐፍ ላይ እንደሚታየው ቀይ አይሆንም፤ ወይን ጠጅ፣ ጠቆር ያለ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል። የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የሉፐስ ሽፍታ ጉንጭንና የአፍንጫን ድልድይ ይሸፍንና ከአፍንጫ ወደ አፍ ማዕዘን የሚወርደውን መስመር አብዛኛውን ጊዜ ይዘላል።

በቅድሚያ የሚያስፈልጉት ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የሽንት ምርመራ፣ የኩላሊት ምርመራና የደም ግፊት ናቸው። ኤ ኤን ኤ የሚባለው የደም ምርመራ ከዚያ ይከተላል። ኤ ኤን ኤ ስለተገኘ ብቻ ሉፐስ ነው አይባልም፤ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። ካልተገኘ ግን ሉፐስ የመሆኑ ዕድል በጣም ይቀንሳል። የዚህን ምርመራ ውጤት እየጠበቁ የሽንት ምርመራውን ማዘግየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሽንት በወረዳው ጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ይታያል።

ሱቅ የሚሸጥ የፊት ማጽጃ ቅባት አይቀቡ። ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ ስላለባቸው ሽፍታውን ለሳምንታት ይደብቁታል፣ ቆዳውን ያሳሱታል፣ ሐኪሙም የሚያየው ነገር ያጣል። አንድ ሌላ ነገር፦ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ በመሆኑ፣ ፊቷ ላይ ነገር የወጣባትን ልጅ ወደዚያ መውሰድ የሚያስፈራው ቤተሰብ ይኖራል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ መታየት የሥጋ ደዌ ምልክት አይደለም። ሥጋ ደዌም ቢሆን በክኒን የሚድን በሽታ ነው።

ሩቁንና ቅርቡን መለየት

የመገጣጠሚያና የሉፐስ ስፔሻሊስቶች በአገሪቱ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከመካነ ሰላም፣ ከወገል ጤና ወይም ከአቀስታ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ደሴ መድረስ ራሱ ሩቅ መንገድ ነው። በላቲን አሜሪካ የተደረገ ሰፊ ክትትል ገጠር የሚኖሩ ታማሚዎች ላይ የኩላሊት ጉዳት እንደሚበዛ አሳይቷል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ከመንገዱ ርዝመት የተነሳ ሰው የሚመጣው ሲታመም ብቻ ነው፣ የሉፐስ ኩላሊት ግን አያምም። “ወገቤን አላመመኝም” ማለት ኩላሊቴ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

መፍትሔው ክትትሉን ለሁለት መክፈል ነው። የመድኃኒት መጠን መቀየር፣ የደም ቆጠራና የኩላሊት ደም ምርመራ በሆስፒታል፣ በሽታው ጸጥ ያለ ከሆነ በየ3 ወሩ ይሁን። ክብደት፣ የደም ግፊትና የሽንት ስትሪፕ (ሽንት ውስጥ ተነክሮ የሚታይ መመርመሪያ ወረቀት) ግን በየወሩ በቅርብ ጤና ጣቢያ ይታያሉ። ሐኪሙን “በየወሩ ሽንትና ግፊት በጤና ጣቢያችን ይታይ” የሚል አንድ መስመር ማስታወሻ እንዲጽፉ ይጠይቁ፤ ያለ ማስታወሻ ሲሄዱ “አልታመምሽም፣ ለምን መጣሽ?” የሚል ጥያቄ ሊገጥም ይችላል።

ሽንቱ የጠዋት የመጀመሪያው ይሁን። የመጀመሪያውን ጥቂት ለቅቀው መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ይያዙ። በወር አበባ ቀናት አይስጡ፤ ደም ይቀላቀልና ውጤቱ ያሳስታል። ፕሮቲን አንድ ፕላስ ከሆነ የሽንት ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ ታይቶ በሳምንቱ ይደገም። ሁለት ፕላስ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ደም ከተገኘ፣ ምንም ሕመም ባይኖርም በዚያው ሳምንት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለት ነገር ይታያል፦ ሽንቱ እንደ ኦሞ ውኃ አረፋ ሠርቶ አልጠፋ ሲል፣ ጠዋት የዓይን ሽፋን ሲያብጥና ማታ ጫማ አልገባ ሲል።

አንድ ገጽ ወረቀት ሁልጊዜ አብሮ ይጓዝ። የበሽታው ስም፣ የታወቀበት ዓመት፣ የተነካ አካል ካለ (ኩላሊት፣ ደም፣ አንጎል)፣ እያንዳንዱ መድኃኒት በሚሊግራም፣ የመጨረሻው የኩላሊት ምርመራ ውጤትና ቀኑ፣ ክብደት፣ የማይስማማ መድኃኒት፣ የቅርብ ሰው ስልክ። በስልክም ፎቶ ይነሳና ከቤት ውጭ ላለ ዘመድ ይላክ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ብዙ ሰውም ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ካርዷን ያጣች ታማሚ በሄደችበት ሁሉ ሕክምናዋን ከዜሮ መጀመር ይኖርባታል።

ገንዘቡ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለዚህ በሽታ ከምንም ነገር በላይ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሦስት ቦታ ይበጠሳል። አንደኛው እድሳት ነው፦ የመዋጮው ጊዜ በዓመት የተወሰነ ወቅት ስለሆነ ያ ወቅት ካለፈ ዓመቱ በኪስ ገንዘብ ይሆናል። ቀኑን ከቀበሌ ጠይቀው ካርዱ ላይ ይጻፉ። ሁለተኛው ሪፈር ነው፦ ከጤና ጣቢያ ሳይጀምሩ በቀጥታ ደሴ ወይም ወልድያ ቢሄዱ መድኑ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። ሪፈሩ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግልና ለተከታታይ ቀጠሮ በየጊዜው መታደስ እንዳለበት በሆስፒታሉ የመድን ክፍል ይጠይቁ፤ መልሱን በቃል ሳይሆን በካርዱ ላይ ያስጽፉ። ሦስተኛው “መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ይግዙ” የሚባልበት ነው። ያን ጊዜ ማዘዣውን ሳይቀበሉ አይውጡ፣ መድኑ ውል ያለው መድኃኒት ቤት መኖሩን ይጠይቁ፣ የገዙበትን ደረሰኝ ይያዙ። መክፈል ጨርሶ ለማይችል ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ ምርጫው የሚካሄደው በቀበሌ ነውና የሐኪም ማስረጃ ይዞ በጊዜ መቅረብ ያስፈልጋል።

መድን የማይከፍለው ደግሞ የመኪናውን፣ የምሳውን፣ የአዳሩንና የአብሮ ሄያጁን ነው። ብዙ ቀጠሮ የሚቀረው በመድኃኒት ዋጋ ሳይሆን በዚህ ነው። ዕቁብ ያላት ሴት ዳኛውን አነጋግራ ዕጣዋ ከቀጠሮዋ ወር ጋር እንዲገጥም ማድረግ ትችላለች፤ አባላቱ ምክንያቱን ካወቁ ተራ መለዋወጥ አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪሙን የ2 ወይም የ3 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲያዙ ይጠይቁ። ከዚያ ውስጥ የአንድ ወሩን ለይተው ያስቀምጡ፤ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ይጠቀሙና አዲሱን በቦታው ይተኩ። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን፦ ዋናው የሉፐስ መድኃኒት የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ጥቂት ክኒኑ ሕፃን ልጅ ይገድላል።

ከዓረብ አገር እህት ወይም ልጅ መድኃኒት የሚልክላቸው ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ነው፤ ግን ሲደርስ የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ያንብቡ። ፕላኩኒል ማለት ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ነው። ፕሬድኒሶንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉት ስቴሮይዶች በሚሊግራም እኩል ናቸው። ሜቲልፕሬድኒሶሎን 4 ሚሊግራም ከፕሬድኒሶሎን 5 ጋር ይስተካከላል። ዴክሳሜታሶን ግን 0.75 ሚሊግራሙ የፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም ነው፤ ክኒን በክኒን ከተተካ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወሰዳል።

ክኒኖቹን በትክክል

ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የሕክምናው ምሰሶ ነው። በቀን መብለጥ የሌለበት በኪሎ 5 ሚሊግራም ሲሆን ክኒኑ 200 ሚሊግራም ነው። 40 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን 1፤ 60 ኪሎ የምትመዝን አንድ ቀን 1፣ በማግስቱ 2፤ ይህም በወር 45 ክኒን ነው። ሁሉም ሰው ላይ በቀን 2 ክኒን ማዘዝ የተለመደ ስለሆነ ቀጭን ሴቶች ከሚገባቸው በላይ ይወስዳሉ፤ ይህ ለዓመታት ሲሆን የዓይን መረብን ይጎዳል። በየቀጠሮው ይመዘኑና “መጠኑ ለክብደቴ ልክ ነው?” ብለው ይጠይቁ። ዓይን በመጀመሪያው ዓመት አንዴ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ይታያል። ኩላሊት የተጎዳ ከሆነ ክትትሉ ቀደም ይላል። በምትኩ ክሎሮኩዊን ከተሰጠ መጠኑ የተለየ ነው፣ በኪሎ 2.3 ሚሊግራም፤ ለዓይንም የበለጠ አደገኛ ነው።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙዎች የሚያቆሙት በሁለት ምክንያት ነው፦ “ወር ወሰድኩት፣ አልተሻለኝም” እና “ተሻለኝ”። ሁለተኛው የከፋ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የካናዳ ሐኪሞች በሽታቸው ጸጥ ካለ ታማሚዎች ከፊሎቹን መድኃኒቱን አስቁመው ሲያወዳድሩ ባቆሙት ላይ የማገርሸቱ አደጋ 2.5 እጥፍ ሆኗል። ሦስተኛ ምክንያት በቆላው በኩል ይመጣል፣ በባቲ፣ በከሚሴ፣ በሐርቡ፣ በቆቦ፦ “ይህ የወባ ክኒን ነው፣ ወባ ሳይዝሽ ለምን ትውጫለሽ?” መልሱ አጭር ነው፤ መድኃኒቱ ከወባ ቢነሳም እዚህ የሚሠራው መከላከያውን ለማረጋጋት ነው። ክኒኑን መውሰድ ከወባ አይከላከልምና ትኩሳት ሲመጣ ደም መታየት አለበት። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከታዘዘም ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን እንደሚወሰድ ለባለሙያው ይነገር፤ ሁለቱም የልብ ምትን ሊያዛቡ ስለሚችሉ።

ፕሬድኒሶሎን ከቁርስ ጋር ጠዋት ይወሰዳል። ከ3 ሳምንት በላይ ከተወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው በድንገት ማቆም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ዕቃው ካለቀ በእጅ ያለውን ወረቀት ይዘው በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ይሂዱ። በሌላ በኩል ለረጅም ጊዜ በብዛት መውሰዱ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል፤ የዛሬ የሕክምና መመሪያዎች በቀን ወደ 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ማውረድን ያስቀድማሉ። ፊቷ ክብ ስለሆነ “ወፈርሽ፣ ተስማማሽ” የምትባል ልጅ ሲከፋት ክኒኑን በድብቅ ትተዋለች፤ ቤተሰብ ይህን አስተያየት ቢተው ትልቅ ርዳታ ነው።

በሽታውን ለማብረድ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ከታዘዘ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መውሰድ መቅኔን ያደርቃል፣ ይገድላል። የቀኑን ስም በዕቃው ላይ ይጻፉ፦ “ማክሰኞ ብቻ”።

ለቁርጥማት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተነካ ኩላሊትን ያባብሳል። ኮትራይሞክሳዞል የሚባለው ሰልፋ ያለበት አንቲባዮቲክ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስማቸው በዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይግባ።

ፀሐይ፣ ሥራና ገበያ

ሐኪም “ከፀሐይ ራቂ” ይላል። አረም የምታርም፣ ገበያ የምትቀመጥ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት ግን ይህን ትእዛዝ ይዛ የት ትሂድ? በአሠራር መተርጎም አለበት።

ፀሐይ የምትከፋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱና ጉሙ አያታልሉ፣ ጨረሩ ደመናን ያልፋል። ጥቁር ቆዳም ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ ያዘገየዋል እንጂ።

ውድ ቅባት ከመግዛት በፊት ልብስ ይቀድማል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ጣት በጨርቁ ውስጥ ከታየ ጨረርም ያልፋል። አንድ ድርብ ሳሳ ያለ ነጠላ አይበቃም፤ ታጥፎ ወይም ጥብቅ ሻሽ ተደርቦ ይለበስ። እጅጌው እስከ አንጓ፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ጥላ። ቅባት መግዛት ከተቻለ የመከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ፣ በየ2 ሰዓቱ። ለሰውነት ሁሉ ማዳረስ ስለማይቻል ለፊት፣ ለጆሮ፣ ለአንገትና ለእጅ ጀርባ ይቆጠብ።

ሥራውን ደግሞ መለወጥ እንጂ መተው አይቻልም። ወንፈል ወይም ደቦ ላይ አረሙን ለሌላ ሰጥቶ እሷ በጥላ ሥር የሚሠራውን፣ እህል መልቀሙን፣ ጥጥ መፍተሉን፣ ምግቡን፣ በልዋጭ መያዝ ይቻላል፤ ይህ ግን ቀድሞ ካልተነገረ “ሰነፈች” ይባላል። የባቲ ሰኞ ገበያ ወይም ሌላ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ ገበያ ላይ የምትነግድ ሴት ጎህ ሲቀድ ደርሳ ምሥራቁን ጀርባዋ ያደረገ ቦታ ብትይዝ፣ በሁለት እንጨት ላይ ወፍራም ሸራ ብትወጥር ይጠቅማታል። ተማሪ ከሆነች ከሆስፒታሉ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የሰልፍና የስፖርት ሰዓት ላይ ከጥላ እንዳትወጣ፣ ሲደክማት እንድታርፍ። ድካሙ የሉፐስ አካል ነው፣ ግሳጼ አያድነውም።

ጸበል፣ ዱአና ጾም

ወሎ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አገር ነው፤ ታማሚዋም ሁለቱንም ደጃፍ ልትጠና ትችላለች። ከእምነቱ ጋር መጣላት አያስፈልግም፣ አይጠቅምምም። አደጋው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ክኒኑ ሲቆም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ጊዜ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። ያ ቃል ለዚህም ይሠራል።

ለሱባኤ ወደ ጸበል የሚሄድ ሰው የሚቆይበትን ቀን ቆጥሮ 10 ተጨማሪ ቀን የሚበቃ መድኃኒት ይያዝ። ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ ባለበት ቦታ ክኒኑ ከዚያ በኋላ፣ ሆድ ሲረጋ ይወሰድ፤ አለዚያ አብሮ ይወጣል። እግሯ ያበጠና ኩላሊቷ የተነካ ሴት በብዛት እንድትጠጣ አይገባም፤ ጥቂት ትቅመስ፣ ትጠመቅ። ለግሸን ማርያም መስከረም 21 የምትወጣ ሴት አቀበቱን በማለዳ ትጀምር፣ ጥላ ትያዝ።

በረመዳን ፕሬድኒሶሎን በሱሁር፣ ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን በኢፍጣር ከምግብ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን በሽታው ጸጥ ላለ ሰው ነው። ኩላሊቱ እየታከመ ያለ፣ ወይም መድኃኒቱን በቀን ሁለቴና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ሳይጾም ይቅር፤ ቁርኣኑ ለበሽተኛ ፈቅዶታል፣ ዝርዝሩን ከአካባቢው ሼኽ ጋር ይነጋገሩ። በክርስቲያኑም በኩል የንስሐ አባት የሕመምን ምክንያት ይሰማሉ፤ ሳይጠይቁ በባዶ ሆድ ስቴሮይድ መዋጥ ግን ጨጓራን ያቃጥላል። ረጅም ጾም ላይ ወተት ስለሚቀር ለአጥንት ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ይዘውተሩ፤ የካልሲየም ክኒን ያስፈልግ እንደሆነም ሐኪም ይጠየቅ። ጨው ግን ይቀነስ።

በዱአ ላይም ሆነ በሌላ ጊዜ የሚቃም ጫት ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያሳጣል። ኩላሊቱ ለተነካ ሰው አይሆንም፤ በዱአው ላይ ቡናውን ይዞ መቀመጥ ይቻላል። ስሙ የማይታወቅ የሥርና የቅጠል መድኃኒት ደግሞ ኩላሊትና ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል ጨርሶ ይቅር። የወሰደች እንደሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትፈራ ትንገር፤ ሐኪሙም ሳይቆጣ ይስማ።

ትዳርና እርግዝና

መድኃኒት ከሚያስቆሙት ነገሮች አንዱ ምስጢር ነው። አዲስ ሙሽራ አማቶቿ ቤት ክኒን ስትውጥ ከታየች ምን እንደሚባል ታውቃለችና ትደብቃለች፣ ከዚያ ትረሳለች፣ ከዚያ ትተዋለች። ለሁሉም መንገር ግዴታ አይደለም። ለአንድ ሰው ግን ይነገር፤ ለባል ቢሆን ይመረጣል፤ ቢቻል በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ ባለበት። የሚነገረው ሦስት ነገር ነው፦ አይተላለፍም፤ መድኃኒት ከተወሰደ መሥራትም መውለድም ይቻላል፤ ክኒኑ ከቆመ ኩላሊት ይሄዳል። ልጅ ላይ የመምጣቱ ዕድል ከሌላው ሰው ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ናቸው።

እርግዝናው የሚታቀደው በሽታው ቢያንስ 6 ወር ጸጥ ካለ በኋላ ነው። እስከዚያ መከላከያ ያስፈልጋል። በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ለአብዛኞቹ ይሻላል። ኢስትሮጅን ያለበት የተለመደው ክኒን ደም የማርጋት ዝንባሌ ላላት ወይም ኩላሊቷ ለታመመ ሴት አደገኛ ነው፤ የ3 ወሩ መርፌም ከስቴሮይድ ጋር አጥንት ያሳሳል። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ “ሉፐስ አለብኝ” ሳይሉ አይምረጡ። ለሉፐስ ኩላሊት የሚሰጠው ማይኮፊኖሌት የሚወሰድ ከሆነ ከማርገዝ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት በሐኪም ይቀየራል። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪልም በእርግዝና አይወሰድም። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ግን በእርግዝናም በማጥባትም ይቀጥላል፤ “አርግዘሻል፣ ክኒን ሁሉ አቁሚ” የሚል ምክር እናቲቱንም ፅንሱንም ይጎዳል።

ቅሬው

ቅሬ፣ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው፣ ግዴታ አለበት፦ ለቅሶ ላይ መቆም፣ ድንኳን መትከል፣ ለመቶ ሰው መጋገር፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ የሚያገረሽባትን ሴት ሁለት ጊዜ ይጎዳታል። የቅሬውን ዳኛ አስቀድሞ ማነጋገር፣ የሕክምና ማስረጃ ማሳየት፣ በምትኩ በጥላ የሚሠራ ወይም በገንዘብ የሚተካ ድርሻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያው ቅሬ ነው ሌሊት ቃሬዛ ይዞ የሚወጣው። የየትኛው ቤት ሰው ምን እንዳለበት ካወቀ ለመነሳት አይጠራጠርም።

እነዚህ ከታዩ እስኪነጋ አይጠበቅም፦ ትንፋሽ ማጠር ወይም የሚወጋ ደረት፤ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ወይም ድንገተኛ የአእምሮ ለውጥ፤ ስቴሮይድ የምትወስድ ሆና 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፤ የሽንት ማነስ ከእብጠት ጋር፤ አንድ እግር ብቻ ማበጥና ማመም፤ ክኒኑን እስኪያስወጣ የሚያስመልስ ሕመም። መንገድ ላይ ለአምቡላንሱ ሰው፣ በር ላይ ለነርሷ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ “ሉፐስ አለባት፣ ፕሬድኒሶሎን በቀን ይህን ያህል ትወስዳለች፣ የመጨረሻውን የወሰደችው በዚህ ሰዓት ነው።” ወረቀቱን የያዘው ሰው ከቃሬዛው ጎን ይሂድ እንጂ ከኋላ አይቅር።